እግዜር ጠርቷት ኮሚቴ ያቆያት ዶሮቲ

ዶሮቲ መሞቷን የሰማሁት አርብ ቀን፣ ለሰንበት የሚሸምተው ሰው ሁሉ ጋሪውን እየገፋ በሚጋፋበት ሱፐርማርኬት ውስጥ ነው። መልእክቱን የላከችው የእህቷ ልጅ ናት፤ ከእንግሊዝ አገር። «አክስቴ አርፋለች። ታማ ሳለችም ስለ እናንተ ታወራ ነበር» ይላል። ጋሪዬን እዚያው ትቼ ልወጣ አሰብኩ፤ ግን እዚህ እስራኤል፣ ረሆቮት ከተማ ውስጥ አርብ እኩለ ቀን ላይ የያዘውን ተራ የሚለቅ ሰው የለም። እንደተሰለፍኩ አለቀስኩ። ሒሳብ የምትቀበለዋ ልጅ ቀና ብላ አየችኝና «ሽንኩርቱ ነው?» አለችኝ።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ወላጆቼ ቤት፣ ወደ ክርያት ሞሼ ሰፈር ሄድኩ። አባቴ ቄስ ይርዳው በረንዳው ላይ ነጭ ሻሻቸውን ጠምጥመው ተቀምጠዋል። ጎንደር ሳሉ የቤተ እስራኤል ቄስ ነበሩ፤ እዚህም ናቸው፤ ዕድሜ ግን ከወንበር ብዙ አያስነሳቸውም።

«አባዬ፣ ዶሮቲ ሞተች።»

«ቄስ ሆና ነው?» አሉ።

«አዎ። ቄስ ሆና ነው።»

«ማን ቀበራት?»

«ሌላ ቄስ። እሷም ሴት ናት አሉ።»

«ሌላ ሴት!» አሉና አሰቡ። «እንግዲህ በዝተዋል ማለት ነው።» ከዚያ የሻሻቸውን ጫፍ ፈትተው ፊታቸውን ጠረጉበት። በዚያ ሻሽ ፊታቸውን ሲጠርጉ አይቼ አላውቅም ነበር።

ዶሮቲን ያወቅኋት በሥራ ነው። እዚሁ ረሆቮት፣ የብርቱካን ዛፍ ሥር ምን እንደሚያደርቀው በሚጠናበት ላቦራቶሪ ውስጥ እኔ ናሙና አዘጋጃለሁ፤ እሷ ደግሞ ከእንግሊዝ አገር የመጣች ተመራማሪ ነበረች። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሃምሳ ያለፋት፣ ፀጉሯ ነፋስ የተኛበት ማሳ የመሰለ ሴት። ላጤ ነበረች። በወጣትነቷ ጎንደር ውስጥ እንግሊዝኛ አስተምራለች፤ አማርኛዋን ያገኘችውም ከዚያ ነው። ያስተማሯት ሽማግሌ «ማንን አንቺ፣ ማንን እርስዎ እንደምትዪ እስክትለዪ ድረስ ሁሉንም እርስዎ በዪ፤ አክብሮት ቢበዛ አይጎዳም» ብለዋት ነበር። ዶሮቲም መለየቱን ትታ ሁሉንም እርስዎ ስትል ኖረች። ትንሹን የወንድሜን ልጅ «ጫማዎን አጠለቁ?» ትለዋለች። የወላጆቼ ሕንፃ ደረጃ ላይ የሚጋደም አንድ ዓይና ድመት አለ፤ እሱን «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ትንሽ ጠጋ ይበሉ» ትለዋለች። ድመቱም ይህን ክብር ከሌላ ከማንም ስለማያገኝ ለእሷ ብቻ ይነሳላት ነበር።

የምትኖረው በዚያው ሕንፃ የመጨረሻው ፎቅ ላይ ነው። ቤቱን ያገኘሁላት እኔ ነኝ። ሌሎቹ ተመራማሪዎች ዛፍ ጥላ በበዛበት ሰፈር ሲኖሩ እሷ «ደረጃ ስወጣ አማርኛ መስማት እፈልጋለሁ» ብላ መጣች። የሰፈሩ አሮጊቶች ስሟን ወዲያው «ዶሮዬ» አደረጉት። ትርጉሙ ገብቷት «ምን ነውር አለው፣ እንቁላል እስካልጠየቁኝ ድረስ» አለች።

አንድ ቀን ጠዋት፣ ጎን ለጎን ሥር እየከተፍን ሳለ፣ መቁረጫዋን አስቀመጠችና ስሜን ጠርታ፣

«ይታይሽ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት። እግዚአብሔር ቄስ እንድሆን የሚጠራኝ ይመስለኛል» አለችኝ።

ይመስለኛል! በእኛ አገር እግዜር የጠራው ሰው ይጮሃል፣ ጫካ ይገባል እንጂ አይመስለውም። እሷ ግን እንግሊዛዊት ናት። አባቷ የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ምእመን ነበሩ፤ እሷም በዚያው አደገች። በዚያ ቤተ ክርስቲያን ሴትም ቄስ ትሆናለች። የምትሆነው ግን ስለተጠራች ብቻ አይደለም። የጠራት በእርግጥ እሱ መሆኑን ቤተ ክርስቲያኒቱ መመርመር አለባት። መጀመሪያ የአጥቢያው ቄስ ያናግራታል፤ እሱ ለዚሁ ሥራ ለተመደበ ሌላ ቄስ ያስተላልፋታል፤ ያ ደግሞ ለኮሚቴ፤ ኮሚቴው ለጳጳስ። ይህ ሁሉ «ጥሪን መለየት» ይባላል። ሰው ጥሪውን ሲለይ ይሸብታል።

«እኔ ቀድሜ ስለሸበትኩ ጊዜ ቆጥቤያለሁ» አለች ዶሮቲ።

ለአለቃችን ለፕሮፌሰሩም ነገረችው። መነጽሩን አወለቀና «የትኛው ዩኒቨርሲቲ ነው የጠራሽ?» አላት።

«ዩኒቨርሲቲ አይደለም። እግዚአብሔር ነው።»

«ምን ሊሰጥሽ ነው? ንገሪኝ፣ እኛም እኮ ልናሻሽልልሽ እንችላለን።»

«የታመመ መጠየቅ፣ የሞተ መቅበር።»

ፕሮፌሰሩ መነጽሩን መልሶ አጠለቀ። «እሱን እንኳ ከዚህ ክፍል አታገኚውም» አለና ወደ ስብሰባው ሄደ።

ወሬው ክርያት ሞሼ ሲደርስ መጀመሪያ ሳቅ ሆነ። የሰፈራችን ሰው ቫዓዳ ያውቃል፤ ኮሚቴን በዕብራይስጥ እንዲያ ነው የምንለው። ከአገር ለመውጣት ቫዓዳ፣ ቤት ለማግኘት ቫዓዳ፣ ጉልበት ሲታመም እውነት ማመሙን የሚያይ ቫዓዳ። አሁን እግዜርም በቫዓዳ በኩል ማለፉን ሲሰሙ እናቴ «እሱንም አመላለሱት? አይዞህ በሉት» አሉ።

ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። «ቄስ» የሚለው ቃል ሽማግሌዎቹ ልብ ውስጥ የተኛ ሌላ ቃል ቀሰቀሰ፦ ሚስዮን። በቅድመ አያቶቻቸው ዘመን ከእንግሊዝ አገር የመጡ ሰባኪዎች በጎንደር መንደሮቻችን ዞረው ነበር፤ ወንድምና ወንድም በዚያ ምክንያት ተለያይቶ የቀረበት ቤተሰብ አለ። እንግሊዛዊት፣ አማርኛ የምትናገር፣ ቄስ ልትሆን የምትፈልግ፣ በዚያ ላይ ድመት ሳይቀር አክብራ የምታናግር! «ሚስዮን እንደዚህ ነው የሚጀምረው፣ በትሕትና» አሉ። ሴቶቹ ሰላምታዋን እያሳጠሩ ሄዱ። ከላቦራቶሪው የምታመጣውን ብርቱካን ልጆች እንዳይቀበሏት ተነገራቸው። በመጨረሻ ሽማግሌዎቹ አባቴ ዘንድ መጡና «ቄስ ይርዳው፣ ይህችን ሴት ጠይቁልን» አሏቸው።

አባቴ ለዚያ ቀን እንደ ዳኛ ነው የተዘጋጁት። ነጭ ኩታቸውን ለበሱ፤ ጭራቸውን ያዙ፤ ቤት ውስጥ ሆነው እንኳ ጥላቸውን ወንበሩ ላይ አስደገፉ። እኔ ዶሮቲን ይዤ ገባሁ። እናቴ ማድቤት ገብተው በሩን ገርበብ አደረጉት፤ ለመስማት የሚበቃ ያህል።

«ልጄ» አሉ አባቴ፣ «ሳልሸፋፍን ልጠይቅሽ። የመጣሽው እኛን ልትወስጂን ነው?»

«ወዴት ልውሰድዎት አባ?»

«ወደ ቤተ ክርስቲያንሽ።»

ዶሮቲ ጥያቄውን በቁም ነገር አሰበችበት። «አባ፣ ቤተ ክርስቲያኔ እኔን እንኳ ልውሰዳት አልውሰዳት እያለች ስብሰባ ላይ ናት።»

ማድቤት ውስጥ የድስት ክዳን ወደቀ። አባቴ ፊታቸውን ኮስተር አድርገው ለማቆየት ታገሉ፤ አቃታቸውና ዝንብ የመጣ ይመስል ጭራቸውን ያወናጭፉ ጀመር። ጥቂት ቆይተው ግን እውነተኛ ጥያቄያቸውን ጠየቁ።

«የጠራሽ እሱ ከሆነ፣ ኮሚቴው ምን ይሠራል?»

«ድምፁ የእሱ መሆኑን ያጣራል።»

«ድምፁን ከዚህ በፊት ሰምተውታል?»

«አንዳንዶቹ።»

«የቀሩትስ?»

«የቀሩት ሻይ የሚያዘጋጁ ይመስለኛል።»

ከዚያ አባቴ ሴት ለምን ቄስ መሆን እንደማትችል አስረዷት። ከኦሪት ጀመሩ፣ ከልማድ ጨመሩ፣ ሲያልቅባቸው ከአያታቸው አመጡ። ዶሮቲ አንገቷን እየነቀነቀች፣ ያልገባትን እያስደገመች ሰማች። ሲጨርሱ «አመሰግናለሁ አባ። ስለ እኔ ጉዳይ ይህን ያህል ያሰበ ሰው እስካሁን አላገኘሁም» አለች። አባቴ ተሸነፉ እንዳልል አልተሸነፉም፤ ሴት ቄስ የሚባል ነገር እስከ መጨረሻው አልተዋጠላቸውም። ለሽማግሌዎቹ ግን «ተዉአት። ሚስዮን አይደለችም፤ ራሷ የተቸገረች ናት» አሏቸው።

ያ ችግር ለአባቴ እንግዳ አልነበረም። ባገራቸው አርደው፣ ዳኝተው፣ ለሞተ ጸልየው፣ አስታርቀው የኖሩ ሰው እዚህ ሲደርሱ ጢሙ ገና ያልበቀለ ልጅ ዴስክ ኋላ ተቀምጦ «ቄስ ማለት ምን ማለት ነው? ተማርክ?» ብሏቸዋል። ያንን ታሪክ ሲያወሩ ሁልጊዜ ልጁ ያላቸውን አይደለም የሚረግሙት፤ ያቀረበላቸውን ወንበር ነው። ተሽከርካሪ ነበር። «እንዲያ ዓይነት ነገር ላይ ቁጭ ብሎ ክብር አይጠበቅም» ይላሉ።

ዶሮቲ ለመጀመሪያው ኮሚቴ ወደ እንግሊዝ አገር ሄዳ ስትመለስ ደረጃው ላይ የቀረ ሰው አልነበረም። ሚስዮን ያሏትም ጭምር ወጥተው ጠበቋት፤ ቫዓዳ ደርሶ የመጣን ሰው ውጤት ሳይጠይቁ ማሳለፍ በክርያት ሞሼ ነውር ነው።

«ምን አሉሽ?»

«በጣም እርግጠኛ ነሽ አሉኝ።»

«ታዲያ ጥሩ አይደለም?»

«አይደለም። በጣም እርግጠኛ የሆነ ሰው ሌላውን አይሰማም ብለው ይፈራሉ። ሄደሽ ትንሽ አስቢበት ብለውኛል።»

ዶሮቲ ታዛዥ ናት፤ በዚያ ላይ ተመራማሪ ናት። ተጠራጠሪ ስትባል ጥርጣሬውን እንደ ጥናት ጀመረችው። አውቶቡስ ስንጠብቅ «ይታይሽ፣ ይህ ድምፅ የገዛ ትዕቢቴ ቢሆንስ?» ትለኛለች። ምሳ ላይ «ብቸኝነት ቢሆንስ?» ትላለች። አንድ ቀን ሰልችቶኝ «ረኃብም ሊሆን ይችላል፣ ብዪ» ብያታለሁ። እሷ ግን አሰበችበት። «እሱን አላየሁትም ነበር» አለችና በላች።

እሷ ስትጠራጠር ሰፈሩ ደግሞ ሾማት። ሁለተኛው ፎቅ ላይ የምትኖር ሴትና ከእሷ በላይ ያለችው ሴት፣ ከላይ የሚሰጣ ልብስ ከታች በሚሰጣው ላይ ይንጠባጠባል በሚል ተጣልተው ሕንፃውን ሰላም ነስተውት ነበር። አባቴ ሞክረው አቃታቸው። «ዶሮዬ ታስታርቀን» አሉ ሁለቱም፣ አንዷ ሌላዋ እምቢ ትላለች ብላ ተስፋ አድርጋ። «እኔ ገና አልተሾምኩም» አለች ዶሮቲ። «ቤሰደር፣ እሺ፣ እስክትሾሚ ይኼን ጨርሺልን» አሏት። ከሥራ እንደወጣች ሄደች። ቀኑን ሙሉ እርሻ ላይ ሥር ስትቆፍር ነው የዋለችው። በሁለቱ ሴቶች መሃል ሶፋው ላይ ተቀመጠች፤ ጩኸቱ ተጀመረ፤ ዶሮቲ እንቅልፍ ወሰዳት።

ሴቶቹ እንግዳ መቀስቀስ ነውር ስለሆነ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። በሹክሹክታ መጣላት ግን ለካ አይቻልም። ስድብ በሹክሹክታ ሲባል ምሥጢር ይመስላል፤ ምሥጢር ደግሞ ያቀራርባል። ዶሮቲ ስትነቃ አንዷ ስለ ወታደር ልጇ ታወራለች፣ ሌላዋ እንባዋን ትጠርጋለች። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ የት ደረስን?» አለች ዶሮቲ። «ጨረስን» አሏት። ሰፈሩ ይህን የዶሮቲ ጥበብ አደረገው። እኔ ድካም ነው እላለሁ። እሷም ድካም ነው ትላለች።

ከዚያ የሊና ነገር መጣ።

ሊና ፊሊፒናዊት ናት፤ ክፋር ማርሞሬክ በሚባለው ሌላው የረሆቮት ሰፈር ውስጥ አንድ የመናዊ ሽማግሌን ታስታምም ነበር። እረፍት በምታገኝበት ቀን ከዶሮቲ ጋር ተያይዘው ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዱ ነበርና ተዋደዱ። ሳቂታ፣ አጭር፣ ከእሷ የሚበልጠውን ሽማግሌ እንደ ሕፃን ብድግ አድርጋ የምታስቀምጥ ሴት። ሳይታሰብ ታመመች፤ በሽታው ሲታወቅ ደግሞ ዘግይቶ ነበር።

ሰንበት ቀን ነው። ወላጆቼ ቤት ምሳ በልተን እንደተቀመጥን ዶሮቲ በሩን አንኳኳች። ሆስፒታሉ ደውሎላታል፤ ሊና እየደከመች ነው፤ ቄስ አምጡልኝ ትላለች። የቤተ ክርስቲያናቸው ቄስ ውጭ አገር ናቸው፤ ሌላው ስልክ አያነሳም።

«ቄስ ነው የምትፈልገው» አለች ዶሮቲ። «እኔ ደግሞ አይደለሁም። ቁርባን ላቀብላት አልችልም። ኃጢአትሽ ተሰረየልሽ ልላት አልችልም። እንደ ቄስ ልባርካት አልችልም።»

«ምን ትችያለሽ?» አሉ አባቴ።

«አጠገቧ መቀመጥ።»

«እሱን ኮሚቴው ከልክሎሻል?»

«አልከለከለኝም።»

«እንግዲያስ ምን ትቆሚያለሽ? አንቺ በታክሲ ቅደሚ፤ እኔ እደርሳለሁ።»

አባቴ በሰንበት መኪና አይሳፈሩም። ጥላቸውን ዘርግተው፣ በዚያ ሐሩር፣ በባዶው መንገድ ተጓዝን። እኔ እደግፋቸዋለሁ፤ እሳቸው «ልቀቂኝ፣ ሰው ያያል» ይላሉ፤ የሚያይ ሰው ግን አልነበረም። ስንደርስ ሌላ ችግር ተነሳ። በሕጋችን ቄስ ሬሳ ካለበት ቤት አይገባም፤ ይረክሳል። ሊና ገና በሕይወት ናት፤ አባቴ ግን ለጥንቃቄ የክፍሉ በር ላይ ቆሙ። ነርሷ መጣችና «አባ፣ ወይ ይግቡ ወይ ይውጡ፤ በር ላይ መቆም አይቻልም» አለች። አባቴ ዕብራይስጡ እንዳልገባቸው ሆኑ። ሲፈልጉ የሚጠፋ ዕብራይስጥ አላቸው።

ዶሮቲ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የሊናን እጅ ይዛለች። በእንግሊዝኛ ዝግ ብላ ትጸልያለች፤ ሊና በራሷ ቋንቋ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። አባቴ በሩ ላይ ሆነው የአባቶቻቸውን ጸሎት በግዕዝ ጀመሩ። ጆሯቸው ከበድ ስለሚል ድምፃቸው ኮሪደሩን ሞላው። ከመጋረጃ ወዲያ የተኛች አንዲት በሽተኛ፣ ማን ለማን እንደሚጸልይ ሳታውቅ፣ ሁሉም ሲጨርስ «አሜን» ትላለች።

ሊና ዓይኗን ገለጠችና ወደ በሩ አየች። ነጭ ሻሽ፣ ነጭ ኩታ፣ ነጭ ጢም።

«እሳቸው ማን ናቸው?» አለቻት ዶሮቲን።

«ጎረቤቴ ናቸው። ቄስ ናቸው።»

«ቄስ መጣ» አለች ሊና። ፈገግ አለችና ዓይኗን ጨፈነች። ፀሐይ ሳትጠልቅ አረፈች።

ስንመለስ ዶሮቲም ታክሲ አልፈለገችም፤ ከእኛ ጋር በእግሯ መጣች። ብዙ መንገድ ከሄድን በኋላ «ያኔ ምን ተሰማሽ?» አልኳት። የምትጠብቀው ድምፅ መጥቶ ይሆናል ብዬ ነው።

«ምንም» አለች። «ምንም አልሰማሁም። እግሬ ደንዝዞ ነበር። ውሃ ጠምቶኝ ነበር። እጇን ለቅቄ ልጠጣ አልቻልኩም።»

ሁለተኛው ኮሚቴ ሲቃረብ ላቦራቶሪው ውስጥ ፈታኝ ሆኜ አለማመድኳት። ከሚጠይቁት አንዱ «እግዚአብሔር በአንቺ እንደሠራ ያወቅሽበትን ጊዜ ንገሪን» የሚል ነው። «የሊናን ንገሪያቸው፤ ሌላ ምንም አትጨምሪ» አልኳት። ሥር ወደ መክተፏ ተመለሰች። እሺ ያለችኝ መስሎኝ ነበር።

ተመለሰች። ደረጃው ላይ ሰው ሞልቷል።

«በቂ እርግጠኛ አይደለሽም አሉኝ» አለች። «አንድ ምሳሌ እንኳ አላመጣሽም አሉኝ።»

«የሊናንስ?» አልኳት።

«አልነገርኳቸውም።»

ተናደድኩ። በሰው ፊት ጮህኩባት። «ያንን ብትነግሪያቸው ኖሮ ዛሬ አልፈሽ ነበር!»

«አዎ፣ አልፍ ነበር» አለች። «ያ ግን የሊና ሞት ነው ይታይሽ። የእኔ ማስረጃ አይደለም። በእሱ ገብቼ ምን ዓይነት ቄስ ልሁንልዎት?»

ከዚያ ደረጃው ላይ ተቀመጠችና አለቀሰች። ከመጣች ጀምሮ ስታለቅስ አላየናትም። አባቴ «መጀመሪያ እርግጠኛ ነሽ ብለው መለሱሽ፤ አሁን ተጠራጠርሽ ብለው መለሱሽ። በመሃል ስታልፊ ሻይ እየጠጡ ነበር ማለት ነው» አሉ። እናቴ «ያላ፣ ተነሺ፣ ግቢና ብዪ። ቫዓዳ ሦስተኛው ላይ ይደክመዋል» አሏት።

ጥቂት ቆይቶ የምርምር ውሏ አለቀ፤ አገሯ ገባች። ስትሄድ እነዚያ የልብስ ስጥ ጠበኞች ሻንጣዋን እኔ ልያዝ እኔ ልያዝ ተባብለው እንደገና ተኮራረፉ። ያስታረቃቸው የለም።

እናቴ ትክክል ነበሩ። ሦስተኛው ኮሚቴ ተቀበላት። ስልክ ደውላ በሳቅ ነበር የነገረችን፤ በገጠሩ ቄስ ጠፍቶ፣ አብያተ ክርስቲያናቱ ያለ አገልጋይ ቀርተው፣ ፈታኞቹም ከፊሎቹ ጡረታ ወጥተዋል። «የእኔ ድምፅ ጠርቶላቸው አይደለም፤ የእነሱ ሰው አልቆ ነው» አለች። አባቴ ይህን ጨርሶ አልናቁትም። «በእኛም አገር ቢሆን አዲስ ቄስ የሚሾመው አሮጌው ሲሞት ነው» አሉ።

የተሾመችበትን ቀን በስልክ አየነው። እናቴ ጳጳሱን ሲያዩ «ትልቁ ቫዓዳ እሱ ነው?» አሉ። አባቴ ወንበራቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተቀመጡ፤ በኋላ ማንም ቢጠይቃቸው አላየሁም ለማለት እንዲመቻቸው። ነገር ግን ጳጳሱ እጁን ጭንቅላቷ ላይ ሲጭን «ነጭ ነው የለበሰችው?» ብለው ጠየቁኝ። «ነጭ ነው» አልኳቸው። «ይሁን» አሉ፣ ለግድግዳው።

ለመጨረሻ ጊዜ በቪዲዮ ያነጋገርናት በክረምት ነው። መታመሟን ታውቅ እንደሆነ እንጃ፤ ለእኛ አልነገረችንም። አንገቷ ላይ የአገሯ ቄሶች የሚያደርጉትን ነጭ አንገትጌ አድርጋ፣ ከኋላዋ መስኮቱን ዝናብ እየመታው፣ ምርር ብላ ነበር። የተሰጣት አንድ ቤተ ክርስቲያን አይደለም፤ ተራርቀው ያሉ የብዙ መንደሮች ነው። ሁሉም ጣሪያቸው ያፈሳል፤ በሁሉም ስለ ጣሪያው ስብሰባ አለ። አንደኛው ጣሪያ ውስጥ ደግሞ የሌሊት ወፎች ገብተዋል፤ እነሱን ማባረር በእንግሊዝ ሕግ ክልክል ነው።

«ወፎቹ ይኖራሉ አባ፣ የሚሸሸው ሰዉ ነው» አለች። «ትናንት ስብሰባው መሃል ላይ በመስኮት ዘልዬ ልጠፋ አማረኝ። ይህን ያህል ለምኜ የገባሁበትን! ይህ ኃጢአት አይደለም?»

አባቴ ሳቁ። እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ ለእኛ ለልጆቻቸው ተናግረውት የማያውቁትን ነገር ተናገሩ።

«እኔ ጠፍቻለሁ» አሉ። «ሊያቀስሱኝ ቀን ሲቆርጡ፣ ማለዳ ተነስቼ ቆላ ወረድኩ። ነጋዴ ልሆን ነበር ሐሳቤ። ሽማግሌዎቹ ተከትለው መጥተው ዋርካ ሥር ተኝቼ አገኙኝ። ገመድ ይዘው ነበር። አልቆጡኝም። ‘በል ተነስ፣ ሰዉ ይጠብቃል’ አሉኝ።»

እናቴ ከተቀመጡበት ተነሱ። «ለእኔ እኮ ‘ከሕፃንነቴ ተመርጬ’ ብለውኝ ነው ያገባኋቸው!»

«ተመርጬ ነበር። አልዋሸሁሽም» አሉ አባቴ። «መስማማቴን ማን ጠየቀኝ?»

ዶሮቲ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። «ከዚያስ አባ? መጥፋት ማማሩ መቼ ቀረልዎት?» አለች።

አባቴ ሊመልሱ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ በእሷ ቤት በር ተንኳኳ። ሄዳ ከፈተች። ፊቷን የማናየው ሴት በእንግሊዝኛ በችኮላ ታወራለች፤ ባሌ የሚለው ቃል ብቻ ገባኝ። ዶሮቲ ካፖርቷን ከወንበሩ ላይ አነሳች፤ አንዱን እጅጌ እያጠለቀች፣ ስልኩንም እኛንም ረስታ ወጣች። በሩ ሲዘጋ ተሰማ። እኛ ባዶውን ወንበርና መስኮቱ ላይ የሚወርደውን ዝናብ እያየን ቀረን።

«ሳትሰናበተን ሄደች እኮ» አሉ እናቴ።

«ዝጊው ልጄ» አሉኝ አባቴ። «ሥራ ላይ ናት።»